ቅዳሜ የተበላው ዶክትሬት

ሰው «ምን ላይ ነው የምትመራመረው?» ሲለኝ «ኬሚስትሪ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን እናገራለሁ፤ አንዲት ቃል ዋሽቼ ያገኘኝን ላወራችሁ ተነስቼ እንደገና በውሸት ብጀምር አያምርብኝም። ዶክትሬቴ በግመል ሻኛ ላይ ነው። አዎ፣ በግመል! እኔ ደግሞ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት ግመል ሊበላ ቀርቶ ስሙም ገበታ ዙሪያ አይነሳም። ከስንት እንስሳ መሀል ግመል ላይ የጣለህ ማን ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ እኔው ነኝ። ርዕስ የተከፋፈልን ቀን አንዱ የዓሣ ቆዳ ወሰደ፣ አንዷ ማር ወሰደች፣ እኔ ባስ አምልጦኝ ዘግይቼ ደረስኩና የተረፈውን አነሳሁ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከሻኛው ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ አነሳለሁ። ቀለም አልቀባውም፣ መድኃኒት ውስጥ አልዘፈዝፈውም። ዓይን የማያየው ዓይነት ብርሃን በማይክሮስኮፕ አሳልፍበታለሁ፤ ስቡ የራሱን ድርሻ ብርሃን ይውጣል፣ ጅማቱ የራሱን፣ ውሃው የራሱን። ኮምፒውተሩ የተዋጠውን እየለየ ካርታ ይስልልኛል፤ ስቡ ቀይ፣ ጅማቱ ሰማያዊ፣ ውሃው አረንጓዴ። ግመል ስትከሳና ስትወፍር ሻኛዋ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በዚያ ካርታ ላይ ይታያል። ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ አማካሪዬ ዶክቶራ ነጅዋ በኤደን ሙቀት የማይቀልጥ ቅባት ስለመሥራት አንድ ሰዓት ሙሉ ያስረዱታል። እኔን ሲጠይቁኝ «ለመመረቅ» እላለሁ።

የምኖረው የመን ውስጥ፣ ባደግሁባት በኤደን ከተማ፣ መዓላ በሚባለው ሰፈር፣ የእትዬ ስኂን ሰገነት ላይ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እትዬ ስኂን እዚሁ ኤደን ተወልደው እዚሁ ያረጁ፣ አባታቸው በእንግሊዝ ጊዜ ወደቡ ላይ «ክላርክ» የነበሩ መበለት ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናቴ እሳቸው ናቸው። ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬን የሚዳስሱት፣ ሸሚዝህን አምጣ ብለው ቁልፍ የሚተክሉልኝ፣ ጎረቤት ፊት «ዶክተሬ» እያሉ የሚያሳፍሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለ ትምህርቴ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው በደንብ የተነጋገርነው።

«ለመሆኑ የምትማረው ምንድን ነው ልጄ?»

«የሥጋና የስብ ኬሚካላዊ ምስል ማንሳት ነው እትዬ።»

«ፎቶ?»

«እንደ ፎቶ ነው።»

«ለፎቶ አምስት ዓመት! እዚህ ክሬተር ያለው ፎቶ አንሺ እኮ በወር ያስተምርህ ነበር።»

የማን ሥጋ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ የምመልስ ሰው አይደለሁም።

አሁን የፍሪዘሩን ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እሱ ጋ ነው። ናሙናዬን መድኃኒት ውስጥ ስለማልነክረው ያለኝ መከላከያ ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ኤደን ላይ ደግሞ «ከህረባ መጣ»፣ ማለትም መብራት መጣ ሲባል እንግዳ እንደመጣ ሁሉ ሰው ከቤቱ ይወጣል። የመጀመሪያዋን ግመሌን ናሙና ያስቀመጥኩት ዩኒቨርሲቲው ፍሪዘር ውስጥ ነበር። መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፤ በአራተኛው ቀን የሒሳብ ክፍል መምህራን ሳይቀሩ ሕንፃውን ለቀው ወጡ፤ እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ አፍንጫቸውን ይነካሉ። የእትዬ ስኂን ፍሪዘር ግን ልጃቸው ከዱባይ ሆና ባስገጠመችላቸው ሶላር ነው የሚሠራው። ከተማው ሁሉ ሲቀልጥ እሱ ድርቅ ብሎ በረዶ ይሠራል።

ሁለተኛዋ ግመል ሰልማ ትባላለች። ባለቤቷ ሐጅ ሷሊሕ ቢር ፈድል እርሻ ያላቸው ሰው ናቸው። በየወቅቱ ከእንስሳት ሐኪም ጋር እየሄድን ከሻኛዋ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እንወስድ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወስደን ሦስቱንም በዚያው ቀን ለካሁ። አራተኛዋ የዓመቱ መዝጊያ ነበረች። እሷ ከሌለች ሦስቱ ዋጋ የላቸውም፤ ታሪክ ጽፎ የመጨረሻውን ገጽ እንደመቅደድ ነው። በዚህ መሀል ሐጅ ሷሊሕ ልጃቸውን ሊድሩ ሰልማን አረዱና አስጠሩኝ።

«ውሰድ ዶክቶር!» ብለው ጭንቅላቴን የሚያህል ቁራጭ አሸከሙኝ።

«ሐጅ፣ እኔ የምፈልገው ባቄላ የምታህል ነው።»

«ወላሂ ባቄላ የምታህል ለእንግዳ አልሰጥም! የልጄ ሠርግ ነው፣ ዓይብ ነው፣ ነውር!»

ተሸክሜ መዓላ ደረስኩ። እትዬ ስኂን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አየር ይወስዱ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሻኛ ነው እትዬ፤ ለምርምሬ የምፈልጋት ባቄላ የምታህል ናት፣ ሰውየው ናቸው ይህን ሁሉ ያሸከሙኝ። መሣሪያዬ እርጥበት ገብቶበት ለእሁድ ነው የሚደርሰው፤ እስከዚያ ፍሪዘርዎ ውስጥ ቢያስቀምጡልኝ።»

«የምን?»

እዚህች ጥያቄ ላይ አንድ ደቂቃ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ። «የበሬ» አልኩ። እንዴት እንደቀለለችኝ! አምስት ዓመት ስማር እንዲህ ሳልደናቀፍ የመለስኩት ጥያቄ የለም።

«ኬሚካል ነክቶታል?»

«ኧረ እትዬ! ጠብ አላለበትም!» አልኩ በኩራት። የሥራዬ ክብሩ ምንም አለመንካቱ ነዋ! እንግዲህ ፍረዱ፤ የበሬ ሻኛ ነው፣ ኬሚካል የለውም፣ ሁዳዴም ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ለአበሻ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የጥሪ ካርድ ልጻፍ?

ይባስ ብዬ «እሁድ ጠዋት ይህቺን ከለካሁ ሥራዬ አለቀ» አልኳቸው። «አለቀ? ዶክተር ልትሆን?» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያኔ እንኳ አልነቃሁም። ቅበላ እሁድ ነው፣ እኔ ሻኛዬን እሁድ ማለዳ አወጣለሁ፣ ማንም አይደርስበትም ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜን የዋልኩት ማይክሮስኮፑን ሳደርቅ ነው። ሳደርቅ ስላችሁ ቀልዴን አይደለም። ያ ብርሃን መስተዋት አያልፍለትምና የመሣሪያው መስኮቶች ከጨው የተሠሩ ናቸው፤ እርጥበት ሲያገኙ ይሟሟሉ። አየሩ ፎጣ የሚያበሰብስበት ኤደን ላይ የጨው መስኮት ያለው መሣሪያ የለገሰን ሰው ደግ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ካርታ ግን አላየም። እኔ የጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳያልቅ እየጸለይኩ፣ በፀጉር ማድረቂያ ጨው ሳሞቅ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላቤን ጠርጌ ወደ ቤት አዘገምኩ።

ደረጃው ላይ ሽታው ተቀበለኝ። የጥብስ ሽታ፤ ሮዝሜሪ ያለበት፣ ስቡ ጢስ ጢስ ያለ። አፌ ውሃ ሞላ። ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ፤ «ማን ቤት ነው እንዲህ የታደሉት?» እያልኩ ነው የወጣሁት። በሩን ስከፍት እትዬ ስኂን እልልታቸውን ለቀቁት። ሳሎኑ ሙሉ ነው፤ የእኛው ሰዎች፣ ከመዓላም ከተዋሂም የመጡ፣ አሥራ አምስት ይሆናሉ።

«ዶክተራችን መጣ!»

«ምንድን ነው እትዬ?»

«ቅበላ ነዋ! ደግሞም ያንተ ምርቃት። አንድ ላይ አደረግሁት።»

«ቅበላ ነገ አይደል?»

«ነገማ እሁድ ነው፤ ሰው ሁሉ ሥራ ይገባል! ሁልጊዜ ቅዳሜ አይደል የምናደርገው? ምን ነካህ?»

እውነታቸውን ነው። ኤደን ላይ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ራሱ ጾም ነው፤ ስለዚህ ቅበላችን ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሜ ነው። ይሄን ለመርሳት በጣም የተማረ ሰው መሆን ያስፈልጋል። ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ፍሪዘሩ ለጾሙ ተብሎ በሳሙና ታጥቧል፤ በሩ እንዲናፈስ ተከፍቶ ወንበር ተደግፎበታል። ውስጡ አንዲት የሎሚ ጠርሙስ ብቻ ነበረች።

«እትዬ… ሻኛዬስ?»

«ፊት ለፊትህ!» አሉ ሳሎኑን እየጠቆሙ። «ካንተ የተረፈው ሻኛ እስከ ፋሲካ ቤቴ ውስጥ ሊያድር ኖሯል? በጾም አምሮኝ ሌባ ቢያደርገኝስ! ደግሞ አትጨነቅ፣ አንተ የምትፈልጋት ባቄላ የምታህል ናት ብለኸኝ የለ? እሷን ቆርጬ አስቀምጬልሃለሁ። እንዳይበላሽብህ ጨውና ሚጥሚጣ አድርጌባታለሁ።»

እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ትቆጣላችሁ?

ሳሎን ውስጥ ጋሽ በላቸው የመጀመሪያውን ቁራጭ እያላመጡ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጋሽ በላቸው ለመርከብ ስንቅ የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ «ስቶር ኪፐር» ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በሥጋ ጉዳይ የኤደን አበሻ ሁሉ የመጨረሻ ዳኛ እሳቸው ናቸው። ሁሉም አፋቸውን ያያል።

«ፈርስት ክላስ!» አሉ በመጨረሻ። «የቦረና ኮርማ ነው። ይኼን ምላስ ማንም አያታልለውም።»

የቦረና ኮርማ እንዴት ባሕር ተሻግሮ መዓላ ደረሰ ያለ የለም፤ ሁሉም ያላምጣል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ልናገር? አሥራ አምስት ሰው አፉ ውስጥ ይዟል። ዝም ልበል? እግዚአብሔር ያያል። እንዲህ ሳመነታ እትዬ ስኂን ጥብሱን ጠቅልለው ከፊቴ ቆሙ።

«እናቱ ይህን ቀን አላየችም» አሉ ለሰዉ። «እኔ አየሁላት። አምስት ዓመት በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ከህረባ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ! እንካ ልጄ፣ አፍህን ክፈት።»

ከፈትኩ። ምን ላድርግ? የዶክትሬቴን አራተኛ ምዕራፍ አጎረሱኝ። አንድ ጉርሻ ላይ የሚያቆም ሰው የለምና ሁለተኛውን ደገሙኝ፣ ሦስተኛውን ሠለሱኝ። ልዋሻችሁ? ይጣፍጣል። ስቡ የሚቀልጥበትን ሙቀት ለማወቅ ስንት ወር የደከምኩበትን በአፌ ለካሁት።

ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ምን ዓይነት ነገር እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እሁድ ጠዋት ያቺን ሚጥሚጣ የለበሰች ባቄላ በውሃ አጥቤ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ ቀጭን አድርጌ ቆርጬ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባኋት። ካርታው ወጣ። ቀዩ ስብ አለ፣ ሰማያዊው ጅማት አለ፤ በመሀላቸው ግን ኮምፒውተሩ የማያውቃቸው፣ ስም ያልሰጣቸው ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ዶክቶራ ነጅዋ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እንጃ» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያውም ቀለለኝ።

«በሦስቱ ውስጥ አልነበረም! ሰልማ ከመታረዷ በፊት የበላችው ቅጠል ይሆን? ሻኛዋ ውስጥ አከማችታው?» ናሙናውን ሊያዩ ጎንበስ አሉና ሁለት ጊዜ በኃይል አስነጠሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማስታወሻቸውን አውጥተው «ተናፋሽ ነው፣ ያስነጥሳል» ብለው ጻፉ። «አዲስ ነገር ነው ልጄ፣ አዲስ ነገር ነው!» ሰኞ ጠዋት ስደርስ የጽሑፉን ርዕስ አዘጋጅተዋል፤ ስሜን ከስማቸው አስቀድመውታል። ስሜን እዚያ ሳየው ተቀመጥኩና ሚጥሚጣውን፣ ቅበላውን፣ በሬውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

ይሳደባሉ ብዬ ጠበቅኩ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ናሙናው አልነበረም።

«የበሉት ሰዎች ግመል መሆኑን ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እናንተ ደግሞ አትበሉም።»

«አንበላም።»

ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉት። «እኔን አንድ ሰው ሃይማኖቴ የማይፈቅደውን ሳላውቅ አብልቶኝ ዝም ቢል፣ ፊቱን ማየት አልፈልግም። ሂድ ንገራቸው። ስለ ምዕራፍህ ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

ሁለት ቀን ዞርኩ። ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ስኂን ሰፌድ ይዘው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ያ ሻኛ የበሬ አልነበረም።»

«የላም ነው?»

«ወደ ግመሉ ይጠጋል።»

«ይጠጋል ማለት?»

«ግመል ነው።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ሰፌዱን አስቀምጠው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሲጉመጠመጡ ሰማሁ። ብዙ ጊዜ ተጉመጠመጡ። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«እኛ ሳናውቅ ነው የበላነው፤ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፣ እሱም ያየናል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እያወቀ የበላ አንተ ብቻ ነህ።»

«አዎ።»

«ሦስት ጉርሻ።»

«አዎ።»

«ከንፈርህንም ልሰሃል። አይቻለሁ።»

ልሻለሁ።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ቤቴ አይገባም ብለው ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እከለክልህ ነበራ! አንድ ቀን እቆጣህ ነበር። በማግስቱ በሁለት ፌስታል ጠቅልለህ አምጣው እልህ ነበር። አታውቀኝም? አንተ ሞኝ! ግመል ነው ብትለኝ ኖሮ እዚህ ቤት ማን ይነካው ነበር?»

ኤደን ውስጥ ካሉት ፍሪዘሮች ሁሉ ግመል ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ አንዲት ጣት የማያርፍበት ፍሪዘር የእሳቸው ነበር። አምስት ዓመት ተምሬ ያንን አንድ ፍሪዘር በሬ ብዬ አበላሸሁት! ማልቀስ ጀመርኩ፤ ስለ ምዕራፉ ይሁን ስለ እሳቸው እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ቅጣቴ ለአሥራ አምስቱም ሰው በየቤታቸው እየሄድኩ መንገር ነበር። አንዷ ሴትዮ በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት። ሌሎቹ አማተቡ፣ ተቆጡ፣ አንዳንዱም በሩን ሲዘጋ ሲስቅ ሰማሁት። ጋሽ በላቸው ብቻ እስከ መጨረሻው አዳምጠውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኖ» አሉ። «ኮርማ ነው። አንተ መሣሪያህን አስመርምር።»

ዶክቶራ ነጅዋ ሐጅ ሷሊሕ ዘንድ በሌላ ግመል ዓመቱን እንደገና እንድጀምር ፈቀዱልኝ። እትዬ ስኂን ግን ሁዳዴውን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም፤ ያውም «አንተ ልጅ፣ እንዴት አደርክ» ብለው ነው። እኔ ከአንድ ዓመቱ ይልቅ ይሄኛው ከበደኝ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ የአዲሲቱን ግመል የመጀመሪያ ባቄላ ይዤ ስመጣ የትም የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም። ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ሳይጠይቁኝ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ግመል ይዣለሁ!»

እትዬ ስኂን ገብተው ክዳን ያላት የፕላስቲክ ሣጥን አመጡና ወፍራም ማርከር እጄ ላይ አስቀመጡ።

«እዚህ ውስጥ አድርገው። ላዩ ላይ ግመል ብለህ ጻፍ፤ በትልቁ።»

ጻፍኩ። ጎረቤቶቹ የየመን ሴቶች በረዶ ሊወስዱ ፍሪዘሩን እንደራሳቸው ስለሚከፍቱት፣ እነሱም እንዲያውቁት ብዬ ከሥሩ በዓረብኛ ልደግመው ማርከሩን አነሳሁ። እትዬ ስኂን እጄን ቀብ አደረጉት።

«ዓረብኛውን ተወው ልጄ፤ ይበሉታል።»